በነጭ ሳህን ላይ የቀረው ፍሬ

የተክል ዘር ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት በአንድ ደንበኛዬ ኮት ሰበብ ነው። ጅማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሙያውን የተማርኩት ከስልጤ መጥቶ እዚሁ ከቀረው አባቴ ነው። ደንበኛዬ ከሸቤ ሲመለስ ኮቱን ጨጎጎት ወሮት ነበርና አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ ስለቅም፣ ቀጭን ክር ለማየት የምጠቀምበትን፣ ስልክ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማጉያ ሌንስ አስጠጋሁበት። እያንዳንዷ እሾህ ጫፏ ላይ እንደ ቀሚስ መንጠቆ ታጥፋለች። ዕድሜዬን ሙሉ መንጠቆ ስሰፋ እንደዚያ የተጣራ ሥራ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሱቅ በማልከፍትበት እሁድ ሁሉ መንገድ ዳር በሆዴ ተኝቼ የሰርዶና የሰንበሌጥ ፍሬ አነሳለሁ። ያየኝ ሁሉ ቆሞ ይጠይቀኛል። «ማል ባርባዳ? ምን ጠፋብሽ?» ይሉኛል። ዘር ነው የማነሳው ስላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ያልፋሉ። ባሌም ይስቅብኛል እንጂ አይከለክለኝም።

ታናሽ እህቴ ያገባችው ከሰቃ ከተማ ወጣ ብሎ ቡና ያለው ገበሬ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ያኔ አራት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ነበር የቀራት። እኔ አልወለድኩም። ልጅቷ ሱቄ የመጣች ቀን ከማሽኑ ሥር ቁጭ ብላ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቅም ትውላለች፤ ለእሷ የማልሆነው ነገር የለም።

ያን እሁድ ጠዋት እነሱ ዘንድ ሄድኩ። ክረምቱ ወጥቷል፣ ዝናቡ ግን ገና እግሩን አላነሳም። ከቤቱ ጀርባ፣ የከብት አዛባ ከሚጣልበት ጥግ፣ አስተናግር በቅሎ ነበር፤ እዚያ ሰፈር አሳንጊራ ይሉታል። እሾሃሙ ፍሬው ደርቆ አራት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ውስጡ ጥቁር ዘር ጢም ብሏል። መርዝ መሆኑን አውቅ ነበር። ይህን አሳንሼ ልናገር አልችልም። ልጆች ሳለን አባታችን «እሱን የቀመሰ ያብዳል» እያለ ሲያስፈራራን ነው ያደግነው።

አንዱን ፍሬ በወረቀት ይዤ ቆረጥኩና ከእህቴ ዕቃ መደርደሪያ ባወረድኩት ነጭ ሳህን ላይ ዘሩን አራገፍኩ። በመርፌ እየገፋሁ እንደ ቁልፍ በመስመር ደረደርኩት። ልጅቷ አጠገቤ ቆማለች።

«አክስቴ፣ ምንድነው?»

«ዘር ነው።»

«ይበላል?»

«አይበላም። አይነካም። እጅሽን እንዳታስጠጊ።»

«እሺ» አለችና እጆቿን ከጀርባዋ አድርጋ ስታይ ቆየች።

ስድስት ሰባት ፎቶ እንዳነሳሁ ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ወረደ። ስልኬን በሻሼ ሸፍኜ፣ ሳህኑን በጣሪያው ክፈፍ ሥር ከተከመረው እንጨት ላይ አስቀምጬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ምሳ ቀረበ፣ ወሬ ያዝን። ከዚያ ያመጣኝ ባጃጅ ነጂ ሊመለስ መሆኑን ደውሎ ነገረኝና ጫማዬን በቅጡ ሳላስር ወጣሁ። ሳህኑ ትዝ አላለኝም። አንዴም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቴ ልብስ እያጠፍኩ ሳለ እህቴ ደወለች። ድምፅዋ ተቆራርጧል።

«ልጄ ልክ አይደለችም። ፊቷ ፍም መስሏል። ከሌለ ሰው ጋር ታወራለች። ስጠራት አታየኝም።»

«ትኩሳት አላት?»

«ገላዋ ይፋጃል። ውሃ ስሰጣት መዋጥ አቃታት። አማቴ ጅን ነው የለከፋት ብለው ቁርአን ወደሚቀሩላት፣ የቡ ከተማ ወዳሉት ሼህ እንውሰዳት እያሉ ነው። ያ ረቢ፣ ምን ላድርግ?»

ሳህኑ ያኔ መጣብኝ። እንጨቱ ላይ፣ ነጭ ሆኖ፣ ጥቁር መስመሮቹን እንደያዘ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ማለት የነበረብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አላልኩትም። «ምን በላች?» ነው ያልኩት፣ እንደማያውቅ ሰው።

«ከእኛ ጋር ምሳ በላች። አንቺም ነበርሽ እኮ።»

«እሺ» አልኩ። «እሺ፣ ቆይ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት።

ያቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ አልወዳትም። ስለ ልጅቷ ብቻ አልነበረም የፈራሁት። የእህቴን ፊት ፈራሁ፣ የባሏን ፊት ፈራሁ። ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል፣ ምናልባት ወባ ነው፣ ምናልባት ሳህኑን ሰው አንስቶታል እያልኩ ራሴን ደለልኩ። ከዚያ የቡ ከሰቃ ምን ያህል እንደሚርቅ አሰብኩ። ልጅቷን ይዘው ወደዚያ ከሄዱ ሐኪም ዘንድ የምትደርሰው መቼ እንደሆነ አሰብኩ። መልሼ ደወልኩ።

አይገባም። ማግኘት አልተቻለም የምትለዋ ድምፅ ብቻ ናት የምትመልስልኝ። ኔትወርክ ፍለጋ ግቢ ወጣሁ፣ መንገድ ላይ ወጣሁ፣ አጥር ላይ ልወጣ ምንም አልቀረኝም። በጥድፊያ ቁጥሩን ስቼ የማላውቀው ሰው ዘንድ ደወልኩና «ልጅቷን የትም እንዳትወስዷት!» ብዬ ጮህኩበት። «እሺ እህቴ፣ ረጋ በይ» አለኝ ሰውየው።

በስንት ሙከራ እህቴን አገኘኋት።

«ስሚኝ፣ አታቋርጪኝ። አሳንጊራ ነው። ዘሩን ሳህን ላይ አድርጌ ፎቶ ሳነሳ ዘነበና እንጨቱ ላይ ረስቼው ሄድኩ። ሂጂና ሳህኑን እዪው።»

የእግሯ ድምፅ፣ የዶሮ ጩኸት፣ ከዚያ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል።

«ባዶ ነው» አለች። «ሳህኑ መሬት ወድቋል። ዶሮዎች እዚህ ናቸው። እሷ ትብላው እነሱ ይብሉት አላውቅም።»

«ጅማ ሆስፒታል አምጧት። አሁኑኑ። በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ።»

የጎረቤት ቡና ነጋዴ በፒክአፕ ይዟቸው መጣ። እኔ እስኪደርሱ በር ላይ ቆሜ፣ መኪና በመጣ ቁጥር ወደ መንገዱ እየሮጥኩ እመለስ ነበር። ሲደርሱ ልጅቷን የያዛት አባቷ ነበር። አንገቷ ወደ ኋላ ወድቋል፣ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዓይኗን አየሁት፤ ብሌኑ ተከፍቶ ጥቁር ብቻ ሆኗል። ወደ እኔ ዞራ ነበር፣ ግን እኔን አይደለም የምታየው። አንዱን እጇን ከፍ አድርጋ ከአየር ላይ የሆነ ነገር በሁለት ጣቷ ትይዛለች፣ ወደ አፏ አስጠግታ ትልሰዋለች፣ ከዚያ በሌላው እጇ ውስጥ ልታሾልከው ትታገላለች። ሌሎቹ ምን እንደምታደርግ አልገባቸውም። እኔ ገባኝ። መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች ነበር። ከማሽኔ ሥር ተቀምጣ እኔን እያየች የተማረችው ነው።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘናት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ወባ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ እንደሆነ ጠርጥራ የደም ምርመራ ስታዝዝ እህቴ ወደ እኔ ጠቆመች።

«እሷ ታውቃለች» አለች። ስሜን አልጠራችም።

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋት። ሐኪሟ በጣቷ አሰፋችው።

«እርግጠኛ ነዎት ይህ ነው? ሌላ ተክል አልነበረም?»

«እኔው ነኝ የቆረጥኩት።»

«ሳህኑ ላይ የነበረው ይህ ብቻ ነው?»

«ይኸው ነው። ምን ያህሉን እንደበላች ግን የሚያውቅ የለም።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ፈጠነ። ነርሶች መጡ፣ መጋረጃው ተዘጋ። ሐኪሟ ስትወጣ «ባይነግሩን ኖሮ ሌላ በሽታ ስንፈልግ እንቆይ ነበር» አለችኝ። ልታጽናናኝ ብላ ነው። እኔ ግን «ባይነግሩን ኖሮ» የምትለዋን ብቻ ነው የሰማሁት፤ ስልኩን የዘጋሁባትን ደቂቃ ያየችብኝ መሰለኝ።

ኮሪደሩ ላይ የእህቴ ባል ፊቴ ቆመ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰምቼው አላውቅም።

«ሳር ምኑ ነው ፎቶ የሚነሳው?» አለኝ። «እስቲ ንገሪኝ። ምኑ?»

የመለሱለት እናቱ ናቸው፣ እኚያው ጅን ነው ያሉት አሮጊት። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል።

«ተዋት ልጄ። ለጥርስ ሕመም ይታጠናል ብዬ ያንን ተክል ያላስነቀልኩት እኔ ነኝ። ከእሷ ሳህን ትብላ ከቁጥቋጦው ትብላ አላህ ነው የሚያውቀው።»

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው።

«የሁላችንም ነው። አሁን ዱዓ አድርጊ፣ ኋላ ትጣላላችሁ።»

ልጅቷ በሦስተኛው ቀን እናቷን አወቀቻት። መጀመሪያ የጠየቀችው ውሃ ነው፤ አልሀምዱሊላህ። ብርሃን ግን ለተጨማሪ ቀናት ዓይኗን እየወጋት፣ መስኮቱን በእህቴ ሻሽ ጋርደንላት ቆየን። ስለበላችው ስንጠይቃት አንዴ አዎ ትላለች፣ አንዴ ዶሮዋ ናት ትላለች። ሐኪሟ እንዳናስጨንቃት ስለነገረችን ተውነው። እስከ ዛሬ ቁርጡን አላወቅንም።

ከሆስፒታል እንደወጣች እህቴና እኔ እጃችንን በፌስታል ጠቅልለን ያ ጥግ ላይ የበቀለውን አስተናግር በሙሉ ነቀልነው። ጉድጓድ የቆፈረልን ባሏ ነው። ስንመለስ እህቴ እጇን እየታጠበች፣ ሳታየኝ፣ «መጀመሪያ ስደውልልሽ አውቀሽ ነበር?» አለችኝ።

«አውቄ ነበር» አልኳት።

ሳሙናውን አቀበለችኝ። ከዚያ በኋላ ግን ለሳምንታት ጅማ ስትመጣ ልጅቷን ቤት ትታ ነበር የምትመጣው። እኔም ለምን አልልም። ሌንሱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። ከሰቃ ስልክ በተደወለ ቁጥር «ልጅቷ የት ናት?» እላለሁ፤ ደህና ናችሁ ብሎ ለመጠየቅ ብቻ እንኳ ቢሆን።

የቡና ለቀማ ሲደርስ እህቴ ራሷ ጠራችኝ። «እጅ አንሶናል፣ ነይ» አለች። ሄድኩ። ልጅቷ ሮጣ መጥታ ጣቴን ያዘችና ወደ ቡናው መሃል ወሰደችኝ። ጥላው ሥር ሳሩ አፍርቷል፤ ቀጭን ዘለላው በነካነው ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ድሮ ቢሆን ፎቶ ላነሳው በሆዴ ተኝቼ ነበር። ያን ቀን የማየው የልጅቷን እጅ ብቻ ነው።

ድንገት ጎንበስ ብላ ከመሬት የሆነ ነገር አነሳችና አፏ ውስጥ ከተተችው።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ይዣት፣ ጣቴን አፏ ውስጥ አስገብቼ፣ «ትፊው! ትፊው!» እያልኩ ነው። ልጅቷ በድንጋጤ ታለቅሳለች፤ ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን ጥለው ይሮጣሉ። እህቴ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። መዳፌ ላይ የወጣውን አየችው። የበሰለ ቀይ ቡና ነው፣ ልጆች ሁሉ ለጣፋጩ ልጣጭ ብለው የሚመጥጡት።

«ቡና ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ቡና ነው።»

እህቴ ልጇን ከእኔ አልወሰደችም። አጠገባችን ሳሩ ላይ ተቀመጠችና ሁለታችንም እስክንረጋ ድረስ ትከሻዬን ይዛ ቆየች።