ሁለት ካርድ ያላት መጋረጃ ሰፊ

መጋረጃ ሰፊዋን ሰፈርተኛው «እትዬ ልኬ» ይላታል፤ ሰው ቤት ስትገባ ከሰላምታ በፊት ዓይኗ መስኮት ይለካልና። ከሦስት ዓመት በፊት የማህፀን በር ካንሰር ይዟት፣ በጨረር ታክማ፣ «ድነሻል» ተብላ ተሸኝታለች።

አንድ ጠዋት ቀሚሷን ለማጥበብ ወገቧን ስትለካ፣ ከእምብርቷ ሥር ጠጠር የሚያካክሉ ሦስት እብጠቶች ጣቷን ቆረቆሩት። አያሙም፣ አያሳክኩም። ታናሽ እህቷ «ሸረሪት ሸንቶብሽ ነው» አለቻት። ሳምንት ሳይሞላ ሰባት ሆኑ።

ሆስፒታል ሄደች። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ መዝገቧን አገላበጠና፣

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ድነዋል» አላት።

«ታምሜ ነው የመጣሁት፣ ልጄ።»

«እሱስ ገብቶኛል። ግን ፋይልዎ ተዘግቷል፤ የዳነ ሰው ፋይል ደግሞ አይከፈትም። በቆዳ በኩል አዲስ ካርድ ላውጣልዎት።»

እንዲህ ሆኖ አንዷ ሴት ሁለት ሆነች። የቆዳ ሐኪሙ እብጠቱን ሲዳስስ ፊቱ ጠቆር አለ፤ ለማህፀን ክፍል ደብዳቤ ጻፈ። የማህፀን ክፍሏ ነርስ በበኩሏ፣ «በዚህ ቁጥር እኛ ጋ የታከመች ሴት የለችም» ብላ መልስ ጻፈች። የሁለቱም ደብዳቤ አድራሽ ያው እትዬ ልኬ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ ስትመላለስ ዘበኛው የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ መስላው መፈተሹን ተወ።

በመጨረሻ የማህፀን ሐኪሟ «ሁለቱም ታካሚዎች አብረው ይቅረቡ» የሚል ትእዛዝ አወጣች። ሁለት ወንበር ተዘጋጀ። እትዬ ልኬ አንዱ ላይ ተቀመጠች፤ ሌላው ላይ ቦርሳዋን አኖረች።

«ሌላዋስ?» አለች ሐኪሟ።

«እሷም እኔ ነኝ። ያለን ገላ አንድ ነው።»

ሐኪሟ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ልብ ብላ አየችና ከሦስት ዓመት በፊት ያከመቻት ሴት መሆኗን አስታወሰች፤ ሳቋም እዚያው ቀረ።

ከእብጠቱ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ፣ «የድሮው ካንሰር ወደ ቆዳዎ ወጥቷል። እንዲህ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው» አለቻት።

«ይድናል?»

«አይድንም። በመድኃኒት ግን እናስታግሰዋለን።»

እትዬ ልኬ ሁለቱን ካርዶች ከቦርሳዋ አወጣችና፣ «ታዲያ መድኃኒቱ በየትኛው ካርድ ነው የሚጻፈው?» አለች። ኮሪደር ላይ የምትጠብቃት እህቷ ይህን ስትሰማ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀባት።

በመድኃኒቱ እብጠቶቹ ለወራት ሟሸሹ። በዚያ ፋታ እህቷን ስፌት አስተማረቻት። እህቷ ለደንበኞች የሰፋችው የመጀመሪያ መጋረጃ በአንድ ጎኑ ስንዝር አጠረ።

«መስኮቱን ነው አዛብተው የሠሩት፣ በያቸው» ብላ መከረቻት።

ውጤቱን በሰማች በአሥራ አንደኛው ወር፣ እትዬ ልኬ ቤቷ ውስጥ፣ እህቷ አጠገቧ ተቀምጣ የአንሶላ ጠርዝ ስትዘመዝም ዐረፈች።