የኤቢሴ ብሎግ ከሰው ግቢ ሲወጣ

ኤቢሴን የማውቃት በአጥር ነው። የእኔን ልብስ ስፌት ቤት ከእናቷ ፔንሲዮን የሚለየው አጥር ዝቅ ያለ ስለሆነ ዕድሜያችንን ሙሉ በላዩ አውርተናል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ እንግሊዝኛ የማያስቸግራት፣ ሳቋ መንገድ ድረስ የሚሰማ ሴት ናት። አንድ ችግር ብቻ አለባት፤ የራሷን ነገር ማመስገን አይሆንላትም። ዶሮዎቿን ብታደንቁላት «የጎረቤቴ ይበልጣል» ትላለች። አምቦ ውስጥ እንዲህ ነው ያደግነው። ንግድ ላይ ግን ጣጣ አለው።

እናቷ እማማ ባየሽ ሲያርፉ ቤቱ ለእሷና ለወንድሟ ለሚልኬሳ ቀረ። ሚልኬሳ ባኮ የሚኖር የበቆሎ ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ባዶ ክፍል ሲያይ ግን ጆንያ ይታየዋል። በ2002 ክረምት መጥቶ «ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ እንግዳ የሌለው ቤት ምን ያደርጋል? በቆሎው እስኪሰበሰብ ልጠብቅሽ። ያኔም ባዶ ከሆነ መጋዘን እናደርገዋለን» አላት። እሺ አለች። የእናቷ አልጋዎች ወጥተው በቦታቸው ጆንያ ሲደረደር ማሰብ ግን ልቧን ሰበረው። እኔንም አንገበገበኝ።

ዓብዲሳ የሚባል የኢንተርኔት ቤት ባለቤት አለን። በእማማ ባየሽ ጊዜ በፔንሲዮኑ ስም ድረ ገጽ ሠርቶላቸው ነበር፤ ፎቶና ስልክ ቁጥር ብቻ ያለበት። ኤቢሴ እንግዳ ቢያመጣልኝ ብሎግ መጻፍ አማረኝ ስትለው፣ ይሄ ይቀላል ብሎ ድረ ገጹን ትቶ በአንድ የውጭ ድርጅት ነጻ አገልግሎት ላይ ከፈተላት። እሷም ጻፈች አይገልጸውም! ስለ ወንጪ ሐይቅ፣ ስለ ፈረሶቹ መንገድ፣ ስለ ጀልባ ቀዛፊው ስለ ኦቦ ቀነዓ፣ ስለ እንጭኒ ገበያ። ስለ ራሷ ቤት ብቻ አልጻፈችም። ስሙን እንኳ አላነሳችም። «ኧረ ከራስ በላይ ነፋስ!» ብላት «ነውር ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

መስከረም ላይ ዓብዲሳ ዘንድ ሄደን፣ ወንጪን የሚፈልግ ሰው ጉግል ላይ ምን እንደሚያገኝ አየን። ብሎጓ ከላይ ወጣ። እልል ልል ስል ዓብዲሳ «አምቦ ማደሪያ» ብሎ ፈለገ። የባየሽ ፔንሲዮን የለም። ቢገለብጥ ቢገለብጥ የለም።

«አዴ ኤቢሴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «የጻፉት ሁሉ የተቀመጠው በሌሎች አድራሻ ላይ ነው። አንባቢው የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ ፍለጋው ከፍ የሚያደርገውም ያንን ነው። የእርስዎ ገጽ ምንም አልደረሰው።»

«በሰው ወርቅ አይደምቁ ማለት ይሄ ነው» አልኩ። ማንም አልሳቀልኝም።

ጽሑፎቹን ወደ ራሷ ድረ ገጽ አዛወሩ፤ በድሮው ቦታ «ወደዚህ ተዛውረናል» የሚል ማስታወቂያ ተዉ። የባሰው ከዚያ መጣ። ከላይ የነበረው የወንጪ ጽሑፍ በአዲሱ አድራሻ ላይ እንደ እንግዳ ተቆጥሮ ወደ ታች ወረደ። ጥቅምት አለቀ፤ የባኮ በቆሎ ደረቀ። ኤቢሴ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ መልሳ መላልሳ ታጥባለች። ያ ሳቅ ሲጠፋ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ሰፈሩ ጭር አለብኝ።

መላው የመጣው ከወንጪ ነው። በማስታወቂያው በኩል አዲሱን ገጽ ያገኙ ጥቂት መንገደኞች ጽሑፉን በወረቀት አትመው ይዘው፣ ለኦቦ ቀነዓ ጀልባው ላይ አነበቡላቸው። «ማን ነው እንዲህ ያመሰገነኝ?» አሉ ሽማግሌው። አሁን በወረቀቱ አናት ላይ የፔንሲዮኑና የኤቢሴ ስም ነበረበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ያሻገሩትን ሰው ሁሉ «አምቦ ስትደርሱ ኤቢሴ ቤት እደሩ» እያሉ ይልኩ ጀመር። ሰው ካመሰገነህ ምስጋናው ዕዳ ነው። የተላኩት አድረው ሲመለሱ በየገጻቸው ስለ ቤቱ ጻፉ፤ ወደ ኤቢሴ ገጽ የሚወስድ ማገናኛም አስገቡ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ዓብዲሳ እየሮጠ መጣ። «ወጣ! አምቦ ማደሪያ ሲባል ከላይ ወጣ!»

«ምን አድርገን?» አለች ኤቢሴ።

«እኛማ ምንም። ጉግል ሰው ስለ ራሱ የሚያወራውን ብዙም አይሰማም። ሌሎች ሲጠቁሙት ነው የሚያምነው።»

ኤቢሴ ሳቀች፤ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። «አምቦ ነው ያደገው በለኛ!»

ታኅሣሥ ላይ ሚልኬሳ በቆሎ የጫነ መኪና ይዞ ከተፍ አለ። በረንዳው ላይ የወንጪ ጭቃ የያዘ ጫማ ተደርድሯል። የመጀመሪያውን በር አንኳኳ፤ ሰው አለ። ሁለተኛውንም፣ እስከ መጨረሻው ድረስ፣ ሰው አለ። መሐል ግቢ ቆሞ ራሱን አከከ፤ ከዚያ ፈገግ አለ።

«መጋዘኑስ ይቅር» አለ። «ማሎ፣ እባክሽ ኤቢሴ፣ እኔስ የት ልደር?»

ኤቢሴ ብርድ ልብስ ታቅፋ ወጣች፤ በአጥሩ ላይ ወደ እኔ በር አመለከተችው።

«እዚያ እደር» አለችው። «የጎረቤቴ ቤት ይበልጣል።»

ሚልኬሳም ከነበቆሎው እኔ ቤት አደረ።