እናቴ አሮጌ ሚኒባስ ያስገዛች ቀን

ዛሬ ዲላ መናኸሪያ በፀሐይ ሲጠበስ የዋለ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ፣ የጋለው የወንበር ላስቲክ ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ልብስ እየቸረቸሩ ከገበያ ገበያ የሚዞሩት ወላጆቼ አሮጌ ሚኒባስ ሊያዩ ፍስሐ ገነት ከተማ ይዘውኝ ሄዱ። የኋላ ወንበሮቿ ተነቅለዋል። አባቴ ሞተሩን ሲያይ እናቴ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ወለሉ ላይ ተጋደመች። እግሯን ዘረጋች፤ ልኳ ሆነ።

ሻጩ ሽማግሌ ሳቁ። "የኔ ልጅ፣ የምትገዢው መኪና ነው አልጋ?"

"አልጋ ነው አባባ። መኪናው ምርቃት ነው።"

አባቴ ጎንበስ ብሎ፣ "ሞተሩ ደክሟል፤ ባለን ገንዘብ ደግሞ ማሳደስ አንችልም" አላት በቀስታ።

"እኔም ደክሞኛል" አለችው ዓይኗን እንደጨፈነች። "እዚህ ግን ማንም ልቀቂ አይለኝም።"

አባቴ ገንዘቡን ከኪሱ አወጣ። ገዛናት።

እኔ የመንገዱን ድካም የምታወራ መስሎኝ አጠገቧ ተጋደምኩ። በዚያ ዓመት ሦስት ጊዜ ከኪራይ ቤት እንዳስወጡን ልብ ያልኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ሁለት ክረምት ሚኒባሷ ውስጥ አደርን።

አሁን እናቴ ዲላ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት አላት፤ አንዱን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራይታለች። ኪራይ ሲዘገይባቸው አፍረው ሊያስረዷት ይመጣሉ። "መጀመሪያ ፈተናችሁን ጨርሱ" ትላቸዋለች።