መዘምራኑ የጨመሩልኝ አንባቢዎች

ከሶዶ በምወጣበት ዋዜማ ምሽት ቤታችን መቀመጫ አልበቃ ብሎ ግማሹ ሰው ግቢ ውስጥ እንሰቱ ሥር ቆሞ ነበር። ሊሸኝ የመጣው ሁሉ የሚጨምርልኝ ነገር ስለነበረው ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ዘግቼ ሦስት ጊዜ ከፈትኩ። የመዝጊያውን ጸሎት የጸለዩት የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ዮሐንስ ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ስለሆኑ፣ አውሮፕላኑ የሚያልፍባቸውን አገሮች አንድ በአንድ እየጠሩ ጸለዩልኝ። ሱዳን ላይ ስንደርስ እግሬ ደነዘዘ። ግብፅ ላይ እናቴ በክርኗ ነካ አድርጋቸው፣ "ጋሼ፣ መኪናው እኮ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው" አለቻቸው። ሜዲትራኒያንን በአንድ ትንፋሽ አሻግረውኝ አሜን አልን።

እናንተ እዚያ አገር ቤት ያላችሁም፣ እንደኔ ወጥታችሁ በየአገሩ ያላችሁም፣ የምነግራችሁ የመከራ ታሪክ አይደለም። መከራ አላየሁም ለማለት አይደለም፤ የተደረገልኝን ሳስበው ይበዛብኛል። የመጣሁት ሀንጋሪ ነው፤ ሴጌድ የምትባል፣ ቲሳ የሚባል ወንዝ መሃሏን የሚያቋርጣት ሜዳ ከተማ። ቀና ብዬ የዳሞታን ተራራ ያጣሁ ቀን መንገዱ ሁሉ ጠፋብኝ፤ ለካ ሶዶ ውስጥ አቅጣጫ የማውቀው ተራራውን አይቼ ነበር። ጭጋጉም እንደኛ አይደለም። የኛ ጭጋግ ረፋዱ ላይ ተነሥቶ ይሄዳል፤ የዚህኛው ከመጣ ሳምንት ይከርማል። ላክጺምካርትያ የሚባል የአድራሻ ካርድ አለ፤ ስሙን በትክክል መጥራት ስችል ካርዱ ጊዜው አልፎበት ነበር።

አከራዬ ማርጊት ኔኒ ናት። ኔኒ እንደኛ እትዬ ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን ከበሩ ላይ ሆና፣ "ምግብሽ ይሸታል?" ብላ ጠየቀችኝ። "ይሸታል" አልኳት። "የኔም ይሸታል" ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ። እናቴ በሦስት ፌስታል ጠቅልላ የላከችውን ዳጣ በዳቦ ስትቀምስ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ በርበሬ የሚያውቅ ሕዝብ እኛ ሀንጋሪዎች ብቻ ነን ብላ ታምን እንደነበር ነገረችኝና ብልቃጡን ወደ ራሷ አስጠጋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታመም ሾርባ ይዛልኝ ትመጣለች።

ወደ ነገሬ ልግባ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። የመጣሁበትን የዶክትሬት ትምህርት ስጨርስ ዩኒቨርሲቲው የአንድ ዓመት የተመራማሪነት ኮንትራት ሰጠኝ። የመድኃኒት ሳይንስ ምርምር እዚህ በሁለት ነገር ይለካል። አንደኛው ጽሑፍሽን ስንት ሰው ከፍቶ አነበበው የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ስንት ሌላ ተመራማሪ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ጠቀሰው የሚለው፣ ሳይቴሽን የሚሉት። ኮንትራት ሲታደስ እነዚህ ቁጥሮች በቅጽ ላይ ይሞላሉ። የኔ ጽሑፍ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስለሚቀመጥ መድኃኒት ነው። ዱቦና ቦምቤ አካባቢ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ቴርሞሜትር በቦርሳ ይዤ፣ ግማሹን በሚኒባስ ግማሹን በእግሬ እየሄድኩ የለካሁት ነው። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለው መድኃኒት ቆርቆሮው በሚተፋው ሙቀት ሳይታወቅ ይበላሻል፤ ታች ያለው ይቆያል። ነገሩ ይኸው ነው። ለዚህ ሁለት ዓመት ለፋሁ።

ቅጹን ልሞላ ስል ያነበበው ዘጠኝ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ከዘጠኙ አንዷ እኔ ነኝ። የጠቀሰው ማንም የለም። ኮንትራቱ ካልታደሰ መኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ስለሚያበቃ እንቅልፍ አጣሁ፤ በማግሥቱ ጋሽ ዮሐንስ ሲደውሉም ሁሉን ነገርኳቸው።

"ዘጠኝ?" አሉ። "ልጄ፣ የኛ መዘምራን ብቻ እኮ ከዘጠኝ ይበልጣሉ። እስቲ ሊንክ የሚሉትን ላኪልኝ።"

ሊያነቡት መስሎኝ ላክሁ።

እሑድ ከሰዓት ቁጥሩን ሳየው ዓይኔን ጠረግሁ። በመቶ ቤት ገብቷል። ወዲያው ጋሽ ዮሐንስ ደወሉ። "ስንት ደረሰልሽ?" አሉ፤ ድምፃቸው ልጅ የዳሩ ይመስላል። ከስብከቱ በኋላ ማስታወቂያ ሲነገር ተነሥተው፣ "የእህታችን የአስቴር ጽሑፍ ካልተነበበላት ሥራዋን አጥታ ትመለሳለች፤ ስለዚህ ሁላችሁም ተጫኑላት" ብለው ለጉባኤው ተናግረው ኖሯል። ኔትወርክ ደካማ ስለነበር ምእመኑን ከነመዘምራኑ እየመሩ ማዶ ካለው ከሐጂ ሸምሱ ሱቅ ፊት ለፊት አቆሟቸው። ሐጂ ሸምሱ አባታቸው ከስልጤ መጥተው የከፈቱትን የጅምላ መደብር የያዙ ነጋዴ ናቸው። የዋይፋያቸውን ቁልፍ በካርቶን ጽፈው በር ላይ ሰቀሉት፤ "የልጅቷ ነገር ከሆነ ሱቁን ዛሬ አልዘጋም" አሉ አሉ። መዘምራኑ ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ ተራ ገብተው ተጫኑልኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን ደስ አለኝ። ቁጥሩን ደጋግሜ እያየሁ ሻይ ጠጣሁ። ማስተካከል እንዳለብኝ አውቄ ዝም አልኩ።

ሰኞ የምዘና ቢሮው ኃላፊ ጋቦር ጠራኝ። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረ።

"ወላይታ ሶዶ ምንድን ነው?"

"ከተማ ነው።"

"ሰው ይኖርበታል?"

"እናቴ ትኖርበታለች።"

"ትናንት ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ብቻ ይህ ሁሉ ሰው ጽሑፍሽን ከፍቶ ወዲያው ዘግቷል። ይህ ሰው የሚሠራው ሥራ አይደለም። ሮቦት ነው።"

"ሮቦት አይደሉም" አልኩት፤ "መዘምራን ናቸው።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ምን ናቸው?"

ጸሎቱንም፣ ማስታወቂያውንም፣ የሐጂን ካርቶንም ነገርኩት። ሰኞ ጠዋት ራሴ መጥቼ መናገር እንደነበረብኝ፣ ትናንት ግን በቁጥሩ ስደሰት እንዳመሸሁም ጨመርኩ። በዚህ ቢሮ ቁጥር በማጭበርበር ሰው ይባረራል፤ እኔም ሻንጣዬን በልቤ መሸከፍ ጀምሬ ነበር።

"እኔ እዚህ የተወለድኩ ነኝ" አለ በመጨረሻ። "የመመረቂያ ጽሑፌን እናቴ እንኳ አልከፈተችውም።" ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ "የእሑዱ በሙሉ ይሰረዛል። ምክንያቱን ማጭበርበር ነው ብዬ አልጽፍም፤ ስህተት ነው ብዬ እጽፋለሁ። ቅጹ በሳምንት ውስጥ ይገባል።" ቁጥሩ ፊቴ ላይ ተመልሶ ዘጠኝ ሆነ።

ለጋሽ ዮሐንስ መሰረዙን ስነግራቸው ክፉኛ አዘኑ። "ጎዳሁሽ እንዴ?" እያሉ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ሰው ልርዳ ብዬ ካልቀናኝ ነገር ሁሉ ይህ ይብሳል አሉ። አልጎዱኝም አልኳቸው፤ ያን ጊዜ ግን ከልቤ አልነበረም።

ቅጹ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ከማላውቀው የኢትዮጵያ ቁጥር ተደወለልኝ። ሃላሌ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ መድኃኒት የምታድል አልማዝ የምትባል ድራጊስት ናት፤ ቁጥሬን ከጋሽ ዮሐንስ ነው ያገኘችው። የቢሮ ጉዳይ ስለሆነባት በአማርኛ ጀመረች፤ እኔ በወላይትኛ "ሳሮ" ብዬ ሰላምታ ስሰጣት ሳቀችና ወደ ቤታችን ቋንቋ ገባን።

"ያን እሑድ ለሥልጠና ሶዶ መጥቼ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ" አለች። "ተጫኑ ሲባል እኔም ተጫንኩ። ሌላው ዘጋው፤ እኔ መድኃኒት የሚል ስላየሁ አወረድኩት። ወደ ሃላሌ ስመለስ መኪና ውስጥ እያነበብኩ ሄድኩ። እንግሊዝኛው ከበደኝ፤ ሰንጠረዡ ግን ገባኝ። በማግሥቱ የሕፃናቱን ሽሮፕ ሁሉ ወደ ታች አወረድኩ።"

ወንበር ሳብኩ።

"ግን ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ" አለች። "ክረምት ላይ ውኃ በበሩ ሥር ይገባብናል። ታች ያለው ካርቶን ይሻግታል። እና በክረምት የላይኛው መደርደሪያ ላይ ላድርገው ወይስ ታች?"

ጽሑፉን ከመውጣቱ በፊት የገመገሙት ሦስት ፕሮፌሰሮች ናቸው። ስለ ሰንጠረዥ መስመር ጠይቀውኛል፤ ስለ ኮማ ጠይቀውኛል። ክረምትን የጠየቀኝ የለም። የለካሁት በበጋ ብቻ ነው።

"አላውቅም፤ አልለካሁትም" አልኳት።

"እንግዲያው ቴርሞሜትር ላኪልኝ፤ እኔ እለካለሁ" አለች፤ ከልቧ ነው።

ጋቦር ዘንድ ሮጥኩ። ከሰረዛቸው አንዷ እውነተኛ አንባቢ እንደነበረች ነገርኩት። ማሽኑ እሷን ነጥሎ ሊመልሳት አይችልም አለ፤ ግን በቅጹ መጨረሻ ላይ ሌላ ማስረጃ የሚል፣ ማንም የማይሞላው ሳጥን አሳየኝ። የአልማዝን ጥያቄ እንዳለ ተርጉሜ ጻፍኩበት፤ ከሥሩም የክረምቱን ልኬት ከእሷ ጋር ልሠራ እንዳሰብኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮንትራቴ ለአንድ ዓመት ታደሰ። ቴርሞሜትሮቹንም ቢሮው ራሱ ላከልን። አልማዝ፣ ሐጂ ሸምሱ፣ ጋቦር፣ ከሁሉ በላይ ጋሽ ዮሐንስ፣ በስህተታቸው ላደረጉልኝ ጭምር እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

መታደሱን መጀመሪያ የነገርኩት ለእናቴ ነው። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለች፤ ደጋግማ አለች።

"አስቴር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝም?"

"ንገሪኝ እማ።"

"ያን እሑድ ሁሉም ሲጫን እኔ አልተጫንኩም። ጋሼ ስልኩን ከፍተው በእጄ ሰጥተውኝ ነበር። የተጫንኩ መስዬ መለስኩላቸው።"

"ለምን?"

"ካልተነበበላት ትመለሳለች ሲሉ ሰማኋ።"