ቁልቁለቱ የማንም አይደለም

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ አዲሱን የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ሲያስነሳ፣ የናፍጣው ሽታ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። የመንደራችን የጫኖ የአምራቾች ማኅበር ከመንግሥት ሞተር ተሰጠው። አባቴ ሞቶ እናቴ ብቻዋን ታርስ ነበር፤ መሬቴን ለማኅበሩ አልሰጥም ስላለች ውሃ ተከለከለች። የማኅበሩ ሙዝ ሲለመልም የእኛ ቅጠሉ ደርቆ ተንጠለጠለ።

እናቴም ዶማዋን ይዛ፣ ከወንዙ ላይኛው በኩል አያቴ የቆፈረውን አሮጌ ቦይ መጥረግ ጀመረች። እኔም አፈሩን በቅርጫት አወጣሁ። ውሃው ያለ ሞተር ቁልቁል ፈስሶ ማሳችን በገባ ቀን የማኅበሩ ሊቀመንበር አካፋ የያዙ ሰዎች አስከትሎ መጣ።

«ድፈኑት!» አለ።

እናቴ ቦዩ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ጭቃማው ውሃ ቀሚሷን እያራሰ ያልፋል።

«ሞተሩ የእናንተ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን የማንም አይደለም» አለች። «ከደፈናችሁ ከእኔ ጋር ድፈኑት።»

ቁልቁለት ደግሞ እንዴት የሰው ይሆናል ብዬ ግራ ገባኝ። ከሰዎቹ አንዱ አጎቴ ነበር፤ አካፋውን መሬት ላይ ጣለ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሊቀመንበሩ እናቴን ወስዶ ቀበሌ አሳሰራት፤ ቦዩን የሚደፍንለት ሰው ግን አላገኘም። ስትፈታ ቤት እንኳ ሳትገባ በቀጥታ ወደ ሙዟ ሄደች።

ዛሬ ውሃውን የሚነጥቀን ማኅበር ሳይሆን እንደ ጎረቤቴ ሞተር መግዣ ገንዘብ ያለው ነው። ከሰዓት በኋላ የመስኖ ስብሰባ አለ። ሰብሳቢው ይህን እንደምናገር ስለሚያውቅ «ባትመጪ ይሻልሻል» ብሎኛል።

እሄዳለሁ፤ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።