ከመሀል የማይጀምር መካኒክ

በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ የነበረው ትምህርት ቤታችን ከአንድ ጋራዥ ጋር ውል ነበረው። ጠዋት የመኪና ዕቃ ስም ከሰሌዳ እንማራለን፤ ከሰዓት ጋራዥ ሄደን ዕቃውን እንነካለን። በመጨረሻ የጋራዡ አለቃ፣ ካቦው፣ ይፈትነናል። ያለፈ እዚያው ይቀጠራል፤ የወደቀ ከአስኮ ማዶ ለሚሠራው መንገድ ድንጋይ ይፈልጣል። የጠላት ትምህርት ነው ብሎ መቅረት ደስ ባለ ነበር፤ ድንጋዩን ያየ ሰው ግን አይጀነንም።

እኔ የደብተራ ልጅ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተማርኩት በቃል ስለሆነ ሞተሩንም እንደ ዳዊት ያዝኩት። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፒስተን፣ ቢየላ እያልኩ ከላይ እስከ ታች አንዲት ሳላስቀር እወርደዋለሁ። ዜማም አበጅቼለት ነበር። የጠዋቱ መምህር አፉን ከፍቶ ይሰማኛል። ከሰዓት ግን ጉዴ ይወጣል፤ መፍቻ የምይዘው እንደ መቋሚያ ነው።

አያያዙን ያሳየኝ አብሮኝ የሚማር የቀጥቃጭ ልጅ ነው። ከእሱ ጋር እንዳልበላ እናቴ ብትመክረኝም፣ እኔ ምሳዬን አብሬው እበላ ነበር። ዐይኑን ጨፍኖ ሞተር ይፈታል፤ ስም ሲጠየቅ ግን ለሁሉም «ይሄ» ነው የሚለው። ሳስጠናው ውዬ በማግስቱ ይረሳዋል።

«ስሙን ብጠራው አቤት ይለኛል እንዴ?» ይላል።

የፈተናው ቀን አንድ የጭነት ካሚዮን ግቢው ውስጥ ቆሞ ጠበቀን። የሞተሩን ላይኛ ክፍል ስም እየጠሩ መፍታት፣ መልሶ መግጠም ነው። ጓደኛዬ ከሁሉም ፈጥኖ ጨረሰ፤ ስም ሲጠየቅ «ይሄ» አለና ወደቀ።

መጨረሻ የገባሁት እኔ ነኝ። እያዜምኩ ፈታሁ። እያዜምኩ ስገጥም፣ ግማሽ ላይ ካቦው በአስተርጓሚ አንድ ነገር ጠየቀኝ። መለስኩለት። ከዚያ የት ነበርኩ? ጠፋብኝ! በቃል የተያዘ ነገር ከመሀል አይነሳም፤ የገጠምኩትን ሁሉ ፈትቼ ከሀ ጀመርኩ። ካቦው ግራ ገብቶት እንደገና ጠየቀ፤ እኔም እንደገና ፈታሁ። በሦስተኛው ቆቡን መሬት ላይ ወረወረ።

አስተርጓሚው የሰፈራችን ሽማግሌ ነበሩ። «ምን ነካህ ልጄ?» አሉኝ።

የመለሰልኝ ከኋላ የቆመው ጓደኛዬ ነው። «ጋሼ፣ እስኪጨርስ አያናግሩት። ሲያናግሩት ይጠፋበታል፤ እንዲያው ዝም ይበሉት።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ አራተኛ ጀመርኩ። ሽማግሌው ለካቦው ነገሩት፤ ከዚያ የጠየቀኝ አልነበረም። ጨረስኩ። ካቦው በእጁ ምልክት ሰጠ፤ አለፍኩ። ደስታዬን አልደብቅም፣ ልዘል ምንም አልቀረኝም።

ወዲያው ካሚዮኑን አስነሳ ተባልኩ። ለካ የወደቁትን ወደ አስኮ የሚወስደው እሱ ነው። ማስነሻውን አዞርኩት፤ በአንዴ ተነሳ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ጓደኛዬ ሊሳፈር እግሩን ካነሳ በኋላ ቆመ። ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለ።

«ይሄ ላልቷል» አለኝ።

የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም። ሞተሩን አጥፍቼ፣ መፍቻ ይዤ ስሞቹን ሁሉ በልቤ ወረድኩ፤ የላላው አልታየኝም። እጄን ከነመፍቻው ያዘና ቦታው ላይ አኖረልኝ። እስካጠብቀው ድረስ አልለቀቀኝም። ከዚያ ካሚዮኑ ላይ ወጣ።