አንድ ጎን ብቻ ያለው ፀጉር አስተካካይ

ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሽቦ ይላታል። ቀጭንና ረጅም ናት፤ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሮቿን የት እንደምታደርጋቸው የሚጨንቃት ዓይነት ልጅ። የአኒሜሽን ተማሪ ነበረች። በመጨረሻው ዓመት ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ አጭር የካርቱን ፊልም ሠርተው ማሳየት ነበረባቸው፤ ለሷ የደረሳት ድምቡሼ የሚሉት ልጅ ነው። ድምቡሼ ሰነፍ አይደለም፤ የማያስፈልግ ሥራ ግን ጠላቱ ነው። ዋናውን ባለታሪክ እሷ ልትቀርጽ፣ እሱ ደግሞ ሊያንቀሳቅሰው ተስማሙ።

ታሪኩ የሷ ሐሳብ ነበር። አንድ ፀጉር አስተካካይ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲያሳምር ይውላል፤ የራሱን ፀጉር የሚቆርጥለት ግን ያጣል። በየፀጉር ቤቱ ይዞራል፤ አንዱ ዘግቷል፣ የአንዱ ወረፋ አያልቅም፣ አንዱ ደግሞ «ባለሙያ መቁረጥ እፈራለሁ» ይለዋል።

የመጀመሪያው ሥዕሏ ለዓይን ያምር ነበር። አገጩ የተጠረበ፣ ጢሙ የተከረከመ፣ ልብሱ ኪስ በኪስ፣ ቁልፍ በቁልፍ የሆነ ጎረምሳ። ድምቡሼ ገና ሲያየው ራሱን ያዘ።

«ይሄን ሁሉ ቁልፍ ማን ሊስለው ነው? ሰውዬው በተራመደ ቁጥር እያንዳንዷን እንደገና የምስላት እኮ እኔ ነኝ! ልብስ ይልበስ እንጂ የቁልፍ መደብር አይልበስ።»

መምህራቸው ደግሞ ብሩሽ ቀለም ውስጥ ነከሩና ሥዕሉን ከራሱ እስከ እግሩ ጥቁር ቀቡት። ከዚያ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ያዙ።

«ይሄ ማነው?»

«ፀጉር አስተካካዩ ነዋ፣ ቲቸር።»

«ሐኪምም ሊሆን ይችላል። አናጺም። ጥላውን አይቼ ካላወቅሁት፣ ገና አልተወለደም ማለት ነው።»

ሽቦ ተናደደች፤ እውነታቸውን እንደሆነ ግን አልጠፋትም። የገዛ አባቷ ፀጉር አስተካካይ ሆኖ ሳለ የሳለችው የመጽሔት ሰው ነበር።

አባቷ ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ጠበብ ያለች ፀጉር ቤት አለችው። ለቀልዱ ሲሉ ብቻ የሚመጡ ደንበኞች አሉት። «ደንበኛ ንጉሥ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ንጉሡንም ጎንበስ በል እለዋለሁ» ይላል። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት አፉን ሲጉመጠመጥ ውሃው በግራ በኩል ፈሰሰበት። መስታወት ሲያይ የፊቱ ግማሽ ወርዷል። ሐኪሞቹ የፊት ነርቭ ነው፣ ይመለሳል አሉት። እውነትም የተወሰነው ተመለሰ፤ የግራ ዓይኑ ቆብ ግን ዘገምተኛ ሆኖ ቀረ፣ የከንፈሩም ጫፍ ሲስቅ አይከተለውም። የሱ ሥራ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት መቆም ነው። «ደንበኛ ብርሃን ይፈልጋል» አለና ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረው፤ ነገሩ በዚያው ታለፈ።

ሽቦ ከትምህርት በኋላ ፀጉር ቤቱ አግዳሚ ላይ እየተቀመጠች አባቷን መሳል ጀመረች። መቀስ ሲይዝ ትንሿ ጣቱ እንዴት እንደምትቆም፣ ቶንዶሱን ከማስነሳቱ በፊት እንዴት እፍ እንደሚልበት፣ የጎበጠ ጀርባውን። ከዚያ ፊቱን። አንዱ ቅንድብ ሲስቅ ሌላው ዝም የሚለው ያ ፊት ወረቀቱ ላይ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለታሪኳ የሚያስብ መሰላት። መምህሩም አይተው ዝም አሉ፤ የሳቸው ዝምታ ምርቃት ነው። ሥዕሎቹን ከአልጋዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈቻቸው።

እናቷ መጋረጃ ልትከፍት ስትገባ አየቻቸው።

«ምንድነው ይሄ?»

«የፊልማችን ባለታሪክ ነው፣ እማዬ።»

«አባትሽ ነው እንጂ! ከዘመድ ሁሉ ጋር አብሮ ፎቶ መነሣት የተወ ሰው፣ አንቺ አደባባይ ልታወጪው ነው?»

«የሚያሳፍር ነገር እኮ የለውም። ደስ ይላል።»

«ለማን ነው ደስ የሚለው? ጠይቀሽዋል?»

አልጠየቀችም። በማግስቱ ማምሻውን፣ አባቷ የወደቀውን ፀጉር ጠርጎ ሲጨርስ፣ ወረቀቶቹን የደንበኛ ወንበሩ ላይ ደረደረችለት። አባቷ አንድ በአንድ አነሣቸው። «ጀርባዬ ይሄን ያህል ጎብጧል እንዴ? ለካስ እናትሽ ወዳ አይደለም ቀና በል የምትለኝ» ብሎ ሳቀ። ፊቱ ላይ ሲደርስ ግን ሳቁን አቆመ። ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠው።

«ጎበዝ ነሽ። ችግሩም እሱ ነው፤ እኔን ራሴን ነው የሳልሽው።»

«አልወደድከውም ማለት ነው?»

«ፊቴን ተይልኝ። እጄን ውሰጂ፣ ጀርባዬን ውሰጂ፣ ከፈለግሽ ቀልዴንም ውሰጂ። ፊቴን ግን ተይልኝ፣ ልጄ።»

«እሺ፣ አባዬ።»

«ተከፋሽ?»

«አዎ።»

«ምን ይደረግ፣ እኔም ከፍቶኛል» አለና መብራቱን አጠፋ።

ቀጥሎ ያሉት ቀናት ለሷ ጥሩ አልነበሩም። በዚያው አካል ላይ ክብ ፊት ሞከረች፣ ሹል ፊት ሞከረች፣ መነጽርም ጨመረች። ሁሉም በውሰት የመጣ ፊት ሆነባት። ድምቡሼ የሚያንቀሳቅሰው አጥቶ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል።

«የአባትሽን ፊት እንውሰዳ!» አላት በመጨረሻ። «አባትሽን የሚያውቅ ሰው ፊልማችንን አያይም፤ ፊልማችንን የሚያይ ሰው አባትሽን አያውቅም። ምን አስጨነቀሽ?»

«እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ» አለችው። እውነቱን ለመናገር ግን ሐሳቡ ልቧን ሳያማልለው አልቀረም።

እርሳስ ሳትይዝ ፀጉር ቤት የሄደችው ሌላ ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ ስታይ፣ ስትስል ያላየችውን አየች። አባቷ ከወንበሩ ወዲያኛው ጎን መሄድ ሲፈልግ በአቋራጭ አይሄድም፤ ቀኝ ጎኑን ለደንበኛው እንደሰጠ ዙሪያውን ይዞራል። በግራው በኩል ሰው ከገባ ማበጠሪያ የወደቀበት ይመስል ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ፊቱ ዞሯል። አንዴ እንዲያውም ወደ ኋላው ተራምዶ በሩን ከፈተ። የቆመ ሰው ስትስል ከርማ ይህ ሁሉ ውዝዋዜ አምልጧት ነበር።

ቤቷ ገብታ ባለታሪኩን ከዜሮ ጀመረችው። ሰውዬው ቀኝ ጎን ብቻ ነው ያለው። ግራው ለማንም አይታይም፤ ወደ ግራ መሄድ ካለበት ወደ ኋላው ይራመዳል። ለምን እንደሆነ ፊልሙ አይናገርም። ፊቱንም ተወችው፤ የሚቆርጥለት ያጣ ሰው ስለሆነ ፀጉሩ እንደ ዱር አድጎ ዓይኑንም አፉንም ይሸፍነዋል፣ ብቅ የሚለው አፍንጫው ብቻ ነው። ቁልፎቹን በሙሉ አወለቀቻቸው፤ አንድ ነጭ ሽርጥና አንድ መቀስ ቀረ።

«ግማሹን ብቻ ነው የምስለው ማለት ነው?» አለ ድምቡሼ። «ለአባትሽ ዕድሜ ይስጥልኝ!»

መጀመሪያ ያሳየችው ግን ለአባቷ ነው።

«አፍንጫው የማን ነው?»

«የአጎቴ።»

«እሱማ ደስታውን አይችለውም። ያ አፍንጫ ብቻውን ፊልም ይወጣዋል።» ወረቀቱን አገላበጠ። «ወደ ግራ ሲሄድ በጀርባው ነው?»

«አዎ።»

«እኔ እንደዚህ አደርጋለሁ?»

«ታደርጋለህ፣ አባዬ።»

መቀሱን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ ንጹሕ ነበር።

«ሰው አያይም ብዬ ነበር» አለ። ቀጥሎም፣ «ሰዉ ይስቃል?»

«ይስቃል መሰለኝ።»

«በኔ?»

«በሱ። ግን አባዬ፣ አይሆንም ካልክ እተወዋለሁ።»

«አንዴ እምቢ ብያለሁ፤ ሰምተሽኛል። ይሄኛው ይሁን።»

መምህሩ አዲሱን ሥዕል ጥቁር ሲቀቡት አንድ ትልቅ የፀጉር ክምር፣ አንድ አፍንጫና አንድ መቀስ ቀረ። ክፍሉ በሙሉ አንድ ላይ «ፀጉር አስተካካዩ!» አለ። ቢሆንም ደንቡ ባለታሪክ ከየአቅጣጫው ተስሎ ይቅረብ ይላል።

«ግራውስ?» አሉ መምህሩ።

«የለውም፣ ቲቸር።»

«ነጥብ እቀንሳለሁ።»

«ይቀንሱ።»

ቀነሱም።

ፊልሙ የታየው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ነው። ወላጆቿ መጡ፤ አባቷ በግራው ግድግዳ የሆነውን ዳር ወንበር መረጠ። ባለታሪኩ ወደ ኋላው እየተራመደ ደንበኛ ሲያስገባ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እናቷ ወደ ባሏ ዞር ብላ አየችው። እሱ አልሳቀም፤ አልተነሣምም። ባለታሪኩ ጨንቆት የራሱን ፀጉር ለመቁረጥ መቀሱን ባነሣና መቀሱ ፀጉሩ ውስጥ በጠፋበት ጊዜ ግን ከሁሉ ሰው ድምፅ በላይ የተሰማው የአባቷ ሳቅ ነበር። ሲወጡ ድምቡሼን ትከሻውን ይዞ፣ «መቀስ አያያዙን ደህና አድርገሃል» አለው።

ሽልማት አላገኙም። ድምቡሼ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ገባ። ሽቦ አሁን ማስታወቂያ የሚሠራ ስቱዲዮ ውስጥ ናት፤ በቅርቡ የቀረጸችው ባለታሪክ ለጥርስ ሳሙና የሚዘፍን ጥርስ ነው። ሥራው እንዴት ነው ብለው ሲጠይቋት፣ «ጥርስ ጥሩ ነው፤ ፈቃድ አይጠየቅም» ትላለች።